ትርፍ የተባሉት ሽማግሌ

ሐሙስ 2

አዲስ ደብተር ነው፤ ሳረጅ ግራ እንዳይገባኝ ማን ማን እንደሆነ ልጻፍ። ጭራሮ የሥራ ጓደኛዬ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት ሥዕል ትምህርት ቤት ሳለን ነው፤ ሰውነቷን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። እሷ ደግሞ "ዳኛ" ትለኛለች፤ ዓይኔን ከራሷ ዓይን አብልጣ ታምናለች። ለመጻሕፍት ሥዕል እንሠራለን፣ ግድግዳ ሲገኝ ግድግዳ እንሥላለን።

አሁን የያዝነው ከፌርማታው ጀርባ ያለውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ግራው የኔ ነው፤ አንዲት ትልቅ ሰማያዊ ወፍ ክንፏን ዘርግታ። ቀኙ የጭራሮ ነው፤ መስኮቶች፣ በየመስኮቱም ሰው። ከታች ደግሞ፣ በሰው ቁመት፣ መሰላል በትከሻቸው ተሸክመው ከቤት የሚወጡ ሽማግሌ አሉ። ዛሬ ጨረሰቻቸው። የመሰላሉ ሦስተኛ እርከን በሽቦ የታሰረ ነው። ጭራሮ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አትረሳም።

አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰውዬ ለሚስቱ፦ "ወፏ ታምራለች። ሽማግሌው ግን ሰው ናቸው።"

ዓርብ 3

ቸኩያለሁ። የወፏን ጅራት አስተካከልኩ። ሁለት ተማሪዎች ሽማግሌው ጎን ቆመው ፎቶ ተነሱ፤ አንዷ መሰላሉን የምታግዛቸው መስላ። ከዚያ ቀና ብላ ወፏን አየችና "ዓሣ ናት እንዴ?" አለች። ጭራሮ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እንጂ።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ጠዋት በሯን ስትከፍት ለሽማግሌው "እንደምን አደሩ" ትላቸዋለች። በጆሮዬ ሰማኋት። ለወፍ ሰላምታ አይሰጥም፣ አውቃለሁ።

ቅዳሜ 4፣ ማታ

ዛሬ ትርፍ የምናነሳበት ቀን ነበር።

ይህ የኛ ደንብ ነው። ሁለተኛው ግድግዳችን ላይ አንዲት ጃንጥላ ትኑር አትኑር ተባብለን ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ነበር። ስንታረቅ ተስማማን፤ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዳችን ከሌላዋ ድርሻ አንድ ነገር እናነሳለን። ሰው የራሱን ትርፍ አያይም፤ እናት የልጇ ጉድለት አይታያትም። የድርሻው ባለቤት መንገድ ተሻግራ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። አንሺዋ ከሥዕሉ ኋላ ባለው የመደብ ቀለም በሮለር ትሸፍናለች። "ለምን?" ብሎ ጥያቄ የለም። ስማችንንም ለየብቻ አንፈርምም፤ ጥግ ላይ "ሁለታችን" ብለን ጽፈን እንሄዳለን። ደንቡ እስከዛሬ አላጣላንም።

ሽማግሌውን አነሳኋቸው።

ሚዛኑ ወደ ቀኝ አጋድሎ ነበር። ዓይን ቀጥታ እሳቸው ላይ ወርዶ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ ሌላውን አያይም። ማንም አስተማሪ ይህን ይነግርሻል። መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ መሰላሉን፣ ፊታቸውን መጨረሻ ላይ ሸፈንኩ።

ጭራሮ ስትዞር ቦታውን አየችው። አየችኝ። ከዚያ "እሺ ዳኛዬ" አለች።

የሷ ተራ ሊሆን ሲል ስልኳ ጮኸ። አባቷን ከዓይን ሐኪም ቤት መውሰድ አለባት። "የኔ ተራ ይቆይልኝ" አለች። ያም ሆኖ ሳትሄድ እንደ ልማዷ የሁለታችንንም ሮለር አጥባ ነው የሮጠችው።

ለሚዛኑ ስል ነው ያነሳኋቸው።

እሑድ 5

ሽንኩርት ስከትፍ እህቴ መጣች። አብረን ነው የምንኖረው፤ ፀጉር ቤት ስላላት የሰው አንገት አይታ ሐሳቡን ታውቃለች። "አንቺ ነገር ሲበላሽ ሽንኩርት ታበዢያለሽ" አለችኝ። ምንም አልተበላሸም አልኳት። ሽንኩርቱን አየሁት፤ ለሠርግ ይበቃል።

ማክሰኞ 7

ግድግዳው ላይ ቆመን የሠራንበት መወጣጫ አልተነሳም፤ የጣራውን አሸንዳ የሚጠግኑ ሰዎች ለወር ያህል ይፈልጉታል። ብሩሾቼን ልወስድ ስሄድ ፋርማሲስቷ መንገድ ተሻግራ መጣች።

"ሽማግሌው የት ሄዱ?"

"ተነሱ።"

"ማን አነሳቸው?"

"እኛ።"

እኛ አልኩ! አፌ ላይ እንዴት ቀለለኝ።

"ነጋ ጠባ ሰላም የምለውን ሰው አሳጣችሁኝ" አለች። "ምን አደረጓችሁ?"

ከሰዓት በኋላ የልጆቹን መጽሐፍ ጀመርን። እሷ በእርሳስ ትነድፋለች፣ እኔ ቀለም እሰጠዋለሁ።

ዓርብ 10፣ ማታ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ እንደሆነው ልጻፈው።

ሥራ ክፍላችን ውስጥ ነን። ጭራሮ እርሳስ እየቀረጸች ነበር። "ዳኛዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ደንቡን ልጥስ ብዬ አይደለም" አለች።

"ንገሪኝ።"

"ሽማግሌው አባባ ነበሩ። ልጅ ሆኜ በየጠዋቱ መሰላላቸውን ይዘው ሲወጡ በመስኮት የማያቸው።"

አባቷ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀቡ ነው የኖሩት። አሁን ዓይናቸው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። ሐኪሙ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን ብሏል፤ በሐኪም አፍ "እንሞክራለን" ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጭራሮ ምንም ሳትነግራቸው ፌርማታው ድረስ አምጥታ፣ የራሳቸውን ምስል ሳይመሽባቸው ልታሳያቸው ነበር።

"እና አሁን የቆጨኝ እሱ ብቻ አይደለም" አለች። "በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው ብዬ ነበር። እንዲያ ተማምኜ ነበር። ትርፉን ከደህናው የማይለይ ዓይን ምን ያደርጋል?"

"አባትሽ መሆናቸውን አላወቅኩም" አልኩ።

"እንዴት ታውቂ ነበር?" አለችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔን አጽናናችኝ! ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አላወቅኩም። መሰላል የማንም ሰው መሰላል ነው።

ሰኞ 13

ሥዕሎቿ እያነሱ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ገጽ ላይ ገጹን ሞልታ ትሮጥ ነበር። አምስተኛው ላይ ጥግ ይዛለች። ዛሬ የሰጠችኝ ላይ አውራ ጣት ታክላለች፤ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል። "ትርፍ ካለው ቀንሺልኝ" ትለኛለች በየገጹ። ድሮ ስለ አንድ አፍንጫ እስክንጯጯህ እንከራከር ነበር።

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። የአሳታሚው ሰው ደወለ፣ ሰዓቱ ሄደ።

ሐሙስ 16

አሳታሚው፦ "ሰዎቹ የት ገቡ? ሥዕሎቹ ባዶ ቤት መሰሉ እኮ።" ጭራሮ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። እኔ ስለ ቀለም አወራሁ። ብዙ አወራሁ።

ወፏ ታምራለች፤ ሽማግሌው ግን ሰው ናቸው። ይህን ያለው ሰውዬ የት እንደሚኖር ባውቅ ሄጄ አፉን በያዝኩት ነበር። ለምን? እሱ ምን አደረገ?

ለእህቴ ነገሩን በግማሽ ነገርኳት፤ ሚዛኑን፣ ደንቡን፣ አባቷ መሆናቸውን አለማወቄን። የሰው ፀጉር ስትሠራ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችኝ። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለችና ልትተኛ ሄደች።

እሑድ 19

ከጻፍኩት ሁሉ ይህን ባልጻፍኩት።

ጠዋት ፌርማታው ሰው ሳይበዛበት ሄድኩ። በባልዲ ውሃ፣ ጨርቅ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ላይኛውን ቀለም በቀስታ ብፍቀው ሽማግሌው ከሥር ይወጣሉ። እነዚያን ጉንጮች እንደገና መሣል የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ ግን ከቀለሙ ሥር ተቀብረው እንጂ አልሞቱም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሷም ሳታውቅ፣ እኔም ሳልናገር፣ ነገሩ እንዲሁ ይስተካከላል። ሞኝ!

ሁለቱም ቀለም አንድ ላይ ተነሳ። ትከሻቸው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶ ሆነ። ፊታቸው ጋ ስደርስ ጆሯቸው ታየችኝ፣ ጆሯቸው ብቻ፣ ከዚያ እሷም በጨርቁ ሄደች። የቀረው አንድ ቁራሽ ሽቦ ነው።

ፋርማሲስቷ በር ስትከፍት አየችኝ። "ሽማግሌውን እየፈለግሽ ነው?" አለች፣ ያለ ምንም ተንኮል።

አዎ አልኳት። ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ።

ሰኞ 20

ጭራሮ አየችው። "ሰው ፍቆታል" አለችኝ በስልክ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፣ እንባ የለበትም። "ምልክቱን እንኳን ጠልተውታል ዳኛዬ። አንቺ ቀድመሽ አይተሽው ነው።"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። እኔ ላፍሰው ብዬ ጭቃ አደረግኩት።

"ባለጌ ነው የሠራው" አልኳት። ይህንስ እውነት ነው ያልኩት።

ሐሙስ 23

የማስታወቂያ ማተሚያ ቤት ፊደል የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋል። ጭራሮ ልትገባ ነው። "ፊደል ትርፍ የለውም፣ መኪናው ነው የሚቆርጠው" አለችኝ። መጽሐፉን ጨርሳ እርሳሷን ልትሰቅል ነው። እየቀለደች ነበር የምታወራው፤ ቀልዷ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ለምን አልነግራትም? ደንቡ "ለምን አይባልም" ይላል፣ ስለዚህ አልጠየቀችኝም፣ ስለዚህ አልዋሸሁም። ይህን ክርክር ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ አቀረብኩት። ዳኛዋም ጠበቃዋም እኔ ስለሆንኩ ነፃ ወጣሁ። አውቶቡሱ ግን የሚያወርደኝ ግድግዳው ፊት ለፊት ነው።

ቅዳሜ 25፣ ማታ

የመጨረሻዎቹን ገጾች ልወስድ ጭራሮ ቤት ሄድኩ። አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎን ስገባ አላዩኝም፤ ፊት ለፊታቸው ስቆም ነው "አንቺ ነሽ ልጄ?" ያሉኝ። እጄን ያዙ፣ አልለቀቁም።

"ይቺ ልጅ ሥዕል ልተው ነው ትላለች። ያንቺን ዓይን ደግሞ እንደ ዓይኗ ታምናለች። እኔ እንግዲህ ብርሃኔ ለመሄድ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ደህና ሠራች አልሠራች ብዬ ማየት አልችልም። እስቲ አንቺ ሳትሸሽጊ ንገሪኝ፤ የልጄ እጅ ከንቱ ነው?"

"አይደለም አባባ። በጭራሽ።"

"ታዲያ ከንቱ ነው ያላት ማነው?"

"ልብስ እያሰጣች ነው፣ ልርዳት" ብዬ ተነሳሁ።

ጓሮ መሰላሉ ግድግዳው ላይ በጎኑ ተሰቅሏል። ሦስተኛው እርከን በሽቦ ታስሯል። ይህን ቤት ስንት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ይህን መሰላል ስንቴ ታክኬው አልፌያለሁ። ከላይ "አላወቅኩም" ብዬ ጽፌያለሁ። አልሰርዘውም፣ ይታይ። አውቅ ነበር። ሽቦውን ግድግዳው ላይ ስትሥለው ነው ያወቅኩት። ሮለሩን ሳነሳም አውቅ ነበር።

ጭራሮ አንሶላ እያሰጣች ነው፣ ሁለት መቆንጠጫ በአፏ ይዛ።

"ሽማግሌው ትርፍ አልነበሩም" አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ዞር አለች።

"ቀንቼ ነው። ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ይቆማል። የኔን ወፍ ዓሣ አሏት።"

መቆንጠጫዎቹን ከአፏ አወጣች። "ጥሩ ነበሩ?"

"ከኔ ሥራ ሁሉ ይበልጡ ነበር።"

"ስላንቺ አልጠየቅኩሽም። ጥሩ ነበሩ ወይ?"

"ጥሩ ነበሩ።"

አንሶላውን አራግፋ ጫፉን ከጫፍ ገጠመች። "የፋቀውስ?"

"እኔ ነኝ። መልሼ ላወጣቸው ብዬ።"

"አባባ መሆናቸውንስ?"

መሰላሉን አየሁት። እሷም አየችው። መልስ አልጠበቀችም።

"በይ ሂጂ" አለች። "አባባን ደህና ዋሉ ብለሽ ሂጂ፤ ነገር እንዳይጠረጥሩ።"

እሑድ 26

ከተናገሩ በኋላ ይቀላል የሚሉ ሰዎች ምን ተናግረው ነው?

እህቴ ሳትጠይቀኝ ፀጉሬን አጠበችልኝ።

ረቡዕ 29

አልደወለችም። ስልኬን ቤት ውስጥ ሁሉ ይዤው እዞራለሁ። አንዴ ጮኸ፤ አሳታሚው ነው። የጭራሮ የመጨረሻ ገጽ ደርሶታል። "ልጅቷ ተመለሰች እኮ፣ ገጹን ሞልታዋለች" አለ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለሷ ደስ ብሎኝ ነው። ከፊሉ ደግሞ ለራሴ ነው፤ እንደ ልማዴ።

ሐሙስ 30

መልእክት፦ "ነገ ጠዋት ግድግዳው ጋ። ሮለርሽን ይዘሽ ነይ። ተራዬን አልተጠቀምኩበትም።"

"ዳኛዬ" የለበትም።

ዓርብ 1

ቀድማኝ መጥታለች። ቀለሙንም በጥብጣለች፤ የመደቡን ግራጫ፣ ሁለት ባልዲ ሙሉ። ለአንዲት ትንሽ ነገር ሁለት ባልዲ አይበጠበጥም፤ ገባኝ። መንገድ ተሻግሬ ጀርባዬን ልሰጥ ስል ጠራችኝ።

"አትዙሪ። እያየሽ።"

"ደንቡ..."

"ደንቡን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?"

ቆሜ አየሁ። ከጅራቷ ጀመረች። ወደ ክንፏ ወጣች። ሰማያዊው በአንድ ጊዜ አልሸፈን አለ፤ ሁለተኛ ደረበችበት። ፌርማታው ላይ ያሉት ቀና ብለው ያያሉ። አንዲት ሴትዮ "ምነው፣ ታምር ነበር እኮ" አለች። በሕይወቴ ስለዚያች ወፍ ከሰማሁት ሁሉ ቆንጆው ቃል በዚያ ሰዓት መጣ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያነሳችው፤ ደንቡ እንደሚፈቅደው።

ከዚያ ወፏ በነበረችበት ባዶ ላይ በከሰል መሥመር መጣል ጀመረች። ከመሬት እስከ ሦስተኛው ፎቅ፣ እርከን በእርከን። እኔ ከታች ሆኜ የምትለኝን ቀለም አቀብላለሁ፣ "ይህን ሙዪው" ያለችኝን እሞላለሁ። ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ 2

ቀኑን ሙሉ። እጄ ቆስሏል። ሽማግሌው ከፊተኛው የተለዩ ናቸው። ያን ጊዜ ከቤት ሲወጡ ነበር፤ አሁን መሰላሉን አቁመው ወጥተው፣ ብሩሽ ይዘው፣ ወደ ታች የሆነ ሰው እንደጠራቸው ዘወር ብለዋል። ያቺ የጠፋችው ጆሮ ተመልሳለች። ሽቦውን ልሥራው ብዬ ብሩሽ ሳነሳ ከእጄ ወሰደችው። ራሷ ሠራችው።

እሑድ 3

አባባን በታክሲ አመጣቻቸው። መወጣጫው ተነስቷል። ፋርማሲስቷ ወንበር አወጣችላቸው፤ ሐኪሙ ራቅ ብለው ሲያዩ ዓይንዎ ውስጥ ብዙ ይገባልዎታል ስላላቸው ከመንገዱ ማዶ መቀመጥ ነበረባቸው። ምን እንደሚያዩ አልተነገራቸውም።

መጀመሪያ አስፋልቱን አዩ። ከዚያ የግድግዳውን ሥር አገኙ። አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ ቀና አሉ፤ የሚታያቸው በመዳፍ የሚሸፈን ያህል ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ እርከን ብቻ ነው የሚያገኙት። አንደኛውን። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

"ሽቦዬ!" አሉ።

ጭራሮ አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው መውጣታቸውን ቀጠሉ። እግሩን፣ ቱታውን፣ ብሩሹን፣ እየወጡ ፊቱ ጋ ደረሱ። እዚያ ብዙ ቆዩ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ከለላቸው፤ እስኪሄድ አንገታቸውን ሳያወርዱ ጠበቁ።

"ይህን ማን ሠራው?"

"ሁለታችን" አለች ጭራሮ።

"ዳኛዋ የት አለች?"

አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ዓይናቸው በማይደርስበት በጎን በኩል። ዝም ብል አያገኙኝም ነበር።

"እዚህ ነኝ አባባ" ብዬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"እስቲ ፍረጂ። ትርፍ አለበት?"

ጭራሮ ጀርባዋን አልሰጠችም። ፊቴን እያየች ጠበቀች።

"የለበትም" አልኩ። "ምንም ትርፍ የለበትም።"

"እኔም የታየኝ እንደዚያ ነው" አሉና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ።

እሳቸውን ፋርማሲስቷ ውሃ ስታጠጣቸው እኛ ዕቃ ለመሰብሰብ ተሻገርን። ጭራሮ ጥጉ ላይ "ሁለታችን" ብላ ፈረመች፤ እንደ ድሮው፣ በዚያው ፊደል። ከዚያ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብላ ሮለሯን አጠበች፣ ጨመቀችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው።

የኔን ባልዲው ላይ እንደተጋደመ ተወችው። እስክትሄድ ጠብቄ ራሴ አጠብኩት።